የቲጂ ስም በማጣቀሻው ገጽ

ሰኞ

ሰርዘውታል። በቀይ እስክሪብቶ፣ ቀጥ ባለ መስመር። "ትዕግስት፣ እህቴ፣ በቃል የነገረችኝ" ብዬ ምንጮች በሚለው ገጽ ላይ የጻፍኩትን ነው።

የታሪክ መምህራችን፣ በስዋሂሊ ሙዋሊሙ የምንላቸው ዋሪዮ፣ ክፉ ሰው አይደሉም። ከክፍል ስንወጣ ለብቻዬ ጠርተውኝ፣ "በእህትህ ሞት አዝኛለሁ፣ ታውቃለህ። ግን የቃል ምንጭ ስትጠቅስ እኔ ብጠራጠር ሄጄ የምጠይቀው ሰው መኖር አለበት። እሷም ቢሆን በዓይኗ አላየችም። ከማን ሰማች?" አሉኝ።

አላውቅም። ጠይቄያት አላውቅም።

ጥናቴ ዳበል መንደር ስላለው ኩሬ ነው። ቲጂ ሶሎሎ ሆስፒታል ነርስ ነበረች። ለእረፍት እዚህ ኬንያ ሞያሌ ስትመጣ፣ ኩሬውን የቆፈሩት አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው እንደሆኑና አፈሩን በከብት ቆዳ እየጎተቱ እንዳወጡት ነግራኛለች። ጽሑፉ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ከሞተች ወዲህ ከልቤ የሠራሁት የመጀመሪያ ነገርም ይኸው ነው። ስሟን አውጥቼ ማስረከብ አልፈልግም።

የማስረከቢያው መጨረሻ ቀን የሚመጣው ሰኞ ነው።

ማክሰኞ

ከትምህርት በኋላ ኢንተርኔት ልጠቀም ሳይበር ቤት ገባሁ። መብራት ሁለቴ ጠፋ። ሦስት ገጽ አገኘሁ። ሦስቱም ኩሬው የመንገድ ሠራተኞች አፈር ሲያወጡ የቀረ ጉድጓድ ነው ይላሉ። አርብቶ አደር የሚል ቃል የለባቸውም።

ሦስት ለአንድ። ቲጂ ተሳስታ ይሆን? አሳትሜ ይዤ ወጣሁ። ለእማዬ አልነገርኳትም።

ረቡዕ

ሙዋሊሙ ሦስቱን ወረቀቶች ጠረጴዛቸው ላይ ጎን ለጎን ደረደሩ።

"የመጨረሻውን መስመር አንብብልኝ" አሉ። አነበብኩ። ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ይቋረጣል። "የሁለተኛውን?" እሱም እዚያው ላይ ይቋረጣል። ሦስተኛውም።

"አየህ? ሦስት ምስክር አይደሉም። አንድ ሰው ነው፣ ሦስት ኮፍያ የቀያየረ። እሱስ ከየት አመጣው?"

ፈለግን። የጸሐፊ ስም የለም። ቀን የለም። ምንጭ የለም።

ወረቀት ውሸት ሆኖ ሲገኝ ይህን ያህል የተደሰተ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ውሸት እንኳን አልተባለም፣ "አይታወቅም" ነው የተባለው። ለእኔ በቂ ነው።

ማታ እራት ላይ እማዬን ጠየቅኳት። ቲጂ ክትባት ልትሰጥ ዳበል ስትሄድ አባ ገልገሎ የሚባሉ ሽማግሌ ቤት ታርፍ ነበር አለችኝ። ነገ ፍየል ሊሸጡ ገበያ ይመጣሉ።

ሐሙስ

አባ ገልገሎን ከፍየሎቻቸው መሃል አገኘኋቸው። ገና አፌን ሳልከፍት፣ "የነርሷ ወንድም ነህ። አፍንጫችሁ አንድ ነው። እሷ ላይ ግን ያምር ነበር" አሉኝ። ለቅሶ ላይ መጥተው ነበር፤ እኔ ነኝ ያላስታወስኳቸው።

ስለ ኩሬው ጠየቅኳቸው። ሰው ነው የቆፈረው፣ አፈሩም በቆዳ ነው የወጣው አሉ። ልክ ቲጂ እንዳለችው። ቃል በቃል ጻፍኩት። ከዚያ ሙዋሊሙ እንዳስተማሩን ጠየቅኩ።

"ከማን ሰሙት?"

ገረማቸው። "ከእህትህ ነዋ። እኔ ዳበል የገባሁት ኩሬው ከተቆፈረ ከስንት ዘመን በኋላ።"

መሳቅ ጀመርኩ። እሳቸውም ሳቁ፤ ለምን እንደሆነ ሳይገባቸው ይመስለኛል። ቲጂን ፍለጋ ሄጄ ራሷን ቲጂን በሌላ አፍ አገኘኋት።

ልሄድ ስል ግን፣ "እሷም ሶሎሎ ካለች አንዲት አሮጊት ነው የሰማችው። ቁስሏን ታጥብላት ነበር። አኮ ድራሙ ናት፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለው ሰፈር ጠይቅ" አሉኝ። አኮ ማለት አያት ማለት ነው። እዚያ አሮጊት ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራው።

ዓርብ

ዛሬ ፈተና ገጠመኝ። አባ ገልገሎን ምንጭ አድርጌ ጻፍኳቸው። ስም አላቸው፣ አድራሻ አላቸው፣ በሕይወት አሉ። ሙዋሊሙ ሄደው ቢጠይቋቸው "አዎ፣ እንደዚያ ነው" ይሏቸዋል። ማን ያውቃል?

በእረፍት ሰዓት አጠፋሁት። እኔም ኮፍያ እየቀያየርኩ ነበር።

ሶሎሎ ልሂድ አልኳት እማዬን። ጨርቅ እያጠፈች ነበር፣ እጇ ቆመ። የቲጂን ዕቃ ካመጣን ወዲህ ማናችንም እዚያ አልሄድንም።

"ለአንድ ወረቀት?"

"ለስሟ ነው፣ እማዬ።"

ጨርቁን አጥፋ ጨረሰች። ከዚያ ስኳርና ሻይ ቅጠል በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝ። "ሽማግሌ ጋ ባዶ እጅ አይኬድም" አለች። ጎረቤታችን ነገ ፒክአፑን ይዞ ይሄዳል፣ ይመልሰኛልም።

ቅዳሜ

መንገዱ አጥንት ይሰብራል። ግን ደረስኩ።

አኮ ድራሙ ከደጃቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ሰላምታው ተጀመረ። በቦረና ወግ ሰላምታ ላይ መልሱ ሁሉ "ነጋ" ነው፣ ሰላም ማለት። ከብቱስ? ነጋ። ዝናቡስ? ጠብ ባይልም ነጋ። ክፉ ወሬ ካለ ከተቀመጡ በኋላ ነው የሚነገረው።

"እናትህስ?"

"ነጋ።"

"ነርሷ ልጄስ?"

"ነጋ" አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። ፊታቸው በራ። ከዚያ ተቀመጥኩ፣ መናገሪያው ጊዜም መጣ፣ እኔ ግን ስለ ኩሬው ጠየቅኳቸው። ፈርቼ ነው።

ሁሉንም ነገሩኝ። ኩሬው ሲቆፈር የወተት ጥርሳቸውን የሚነቅሉ ልጅ ነበሩ። ወንዶቹ ይቆፍራሉ፣ ሴቶቹ ቆዳውን ይጎትታሉ፣ ልጆቹ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይገለብጡታል። ቆዳው ሲቀደድ የሚሰፉት እናታቸው ነበሩ። "የመንገድ ሠራተኞቹስ?" አልኳቸው። "እነሱ በኋላ መጡ። ኩሬውን አስፋፉት። ውሃችንንም ጠጡ" አሉ። ስለዚህ ያ ስም የለሹ የኢንተርኔት ሰውዬም የሚያውቀው ነገር ነበር። ግማሹን።

ከዚያ እግራቸውን ዘርግተው ጠባሳውን አሳዩኝ። "ይህንን እያጠበች ነው የነገርኳት። እንዳያመኝ ወሬ ታስወራኛለች። ወሬዬ ሲያልቅ 'አኮ፣ ገና አልጨረስኩም፣ ሌላ ጨምሪ' ትለኛለች።"

ይህን አላውቅም ነበር። ስለ ቲጂ የማላውቀው ነገር እንደቀረ አላሰብኩም ነበር።

ልነሳ ስል በትንሽ ዕቃ ቅቤ አመጡ። "ለእሷ ስጥልኝ።"

ልቀበል አልቻልኩም። እውነቱን ንገሩኝ ብዬ መጥቼ፣ እኔ ያልኳቸው እውነት አይደለም።

"አኮ፣ ሰላምታው ላይ ነጋ ያልኩት … ቲጂ የለችም። ታማ ሞተች። ያለፈው ዝናብ ሳይገባ ነው።"

ዕቃውን መሬት ላይ አስቀመጡት። በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እጄን ያዙና፣ "ሰላምታ ላይማ ነጋ ነው የሚባለው። ስትቀመጥ ወሬህን ሳልጠይቅህ ስለ ኩሬ መለፍለፌ የኔ ነው" አሉ። የሳቸው አልነበረም። ግን እጄን ይዘው ስለነበር አልተከራከርኩም።

ከዚያ፣ "የነገርኩህን ማን ነገረኝ ብለህ ነው የምትጽፈው?" አሉኝ።

"እርስዎ።"

"እሷስ?"

መምህሩ እንደሰረዙት ነገርኳቸው።

"እሷ ባትጠይቀኝ ይህን የማወራው ለማን ነበር? አንተስ ደጄን በምን ታውቀዋለህ? የሰማ ሰው በማን በኩል እንደመጣለት ይናገራል። እኔን ከጻፍክ እሷንም ጻፍ።"

ቅቤውን ለእናትህ አሉኝ።

እሑድ

ቀኑን ሙሉ ጻፍኩ። ማጣቀሻው እንዲህ ሆነ፦ "ድራሙ፣ ሶሎሎ፣ በልጅነታቸው በቁፋሮው የነበሩ። መጀመሪያ ለነርስ ትዕግስት፣ በኋላ ለዚህ ጸሐፊ የነገሩት።" ከሥሩም፦ "ሁለተኛ ምስክር አላገኘሁም።" ይህችን የመጨረሻዋን መጻፍ ከበደኝ፣ ግን እውነት ናት።

እማዬ አንብብልኝ አለች። እንግሊዝኛ ነው፣ አይገባትም። "ትዕግስት" የሚለው ጋ ስደርስ ግን "ድገመው" አለች።

ሰኞ

ሙዋሊሙ ከመጨረሻው ገጽ ጀመሩ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያነቡት።

"ሴትዮዋን ብፈልጋቸው አገኛቸዋለሁ?"

"አዎ። የልጅ ልጃቸው ስልክ አለው።"

"የእህትህን ስም መልሰሃል።"

"እሳቸው ናቸው አስገባ ያሉኝ።"

"አሃ፣ ምንጩ ራሱ ካዘዘማ" አሉና ፈገግ አሉ። እስክሪብቷቸው ከገጹ በላይ ጥቂት ቆየ። "ምስክርህ አንድ ብቻ መሆኑን ራስህ መጻፍህ ጥሩ ነው። አንድ መሆኑ ግን ነጥብ ሊያስቀንስህ ይችላል።"

"ይሁን" አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።

ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር ደራርበው ቀጣዩን ልጅ ጠሩ።

ቤት ስገባ እማዬ በሩ ላይ ነበረች። "ስሟን ምን አሉት?"

"አልነኩትም።"

ራሷን ነቀነቀችና ምሳ አቀረበች። ሁለቴ አስጨመርኩ። ውጤቱ ገና ነው።