ከመዳፌ የወሰዱት ክኒን

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሰረዝኩት። የምነግርሽ ነገር አለ፤ ከየት እንደምጀምር ግን አላውቅም።

በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ «ዳኛዋ» ስለምንላቸው እማማ ጽፌልሽ ነበር፤ የክፍሉን ጠብ ሁሉ ከአልጋቸው ሆነው ስለሚዳኙት። ቅዳሜ ዐረፉ።

ነርሷ ክኒኑን ለየሰዉ በትናንሽ ኩባያ ታዘጋጃለች፤ እኔ አዳርሳለሁ። እሳቸው ግን ኩባያ አይወዱም። «እኔ ዶሮ ነኝ በጣሳ የሚሰጠኝ? በእጅሽ አጉርሺኝ» ይላሉ። ጓንቴንም «አውልቂው፤ የላስቲክ ልጅ አልወለድኩም» ብለው ያስወልቁኛል። ክኒኑን ከዋጡ በኋላ እጄን ይዘው ይቆያሉ። ደንቡን አውቃለሁ፤ ግን አንቺ ለሥራ ከሄድሽ ወዲህ እጄን የያዘኝ ሰው አልነበረም።

ያለፈው ሳምንት ሰኞ፣ ተቅማጥ የያዛቸውን ሽማግሌ አጥቤ አንሶላቸውን ቀየርኩ። የክኒን ሰዓት አልፎ ነበር፤ ቧንቧው ደግሞ ከኮሪደሩ ጫፍ ነው። ጓንት አድርጌ ስለነበር እጄ ንጹሕ መሰለኝ። ጓንቱን ጥዬ ሳልታጠብ ኩባያዎቹን አነሳሁ። እማማን እንደ ልማዳችን አጎረስኳቸው። «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ።

ረቡዕ ተቅማጡ ያዛቸው። ከዚያ ውሃም አልረጋላቸው አለ።

ሁሉም ምግቡ ነው አለ። ወጥ ሠሪዋ «ቀድሜ የምቀምሰው እኔ ነኝ፤ እኔንስ ለምን አልገደለኝም?» ብላ ማለች፤ የሰማት የለም። ነገ ትሰናበታለች። ዛሬ ነርሷ ለማንኛውም ብላ ሰበሰበችንና፣ ጓንት ካወለቅን በኋላም መታጠብ እንዳለብን፣ ክኒን በእጅ እንደማይነካ ደግማ ነገረችን። እኔ እጄን ከጠረጴዛው ሥር ደበቅኩ።

የእማማ ልጅ ልብሳቸውን ልትወስድ መጥታ ሁለቱንም እጆቼን ሳመቻቸው። «እናቴን ያጎረሰ እጅ» አለች። ሮጬ ቧንቧው ጋ ሄድኩ። ቆዳዬ እስኪላጥ ታጠብኩ።

እማዬ፣ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ ክፉ አይንካሽ። ላለፉት ሁለት ደብዳቤዎች ባትመልሺልኝም አልተቀየምኩም፤ ሥራ በዝቶብሽ ይሆናል።

ነገ ጠዋት፣ ወጥ ሠሪዋ ሽርጧን ሳታስረክብ፣ ነርሷ ክፍል እገባለሁ። እንደምታውቂኝ ሰው ፊት አንደበቴ ይተሳሰራል። እንቢ ካለኝ ይህንኑ ደብዳቤ እሰጣትና አንብባ እስክትጨርስ እቆማለሁ። ስለዚህ ቢዘገይብሽ፣ እሷ ጋ ነው ያለው።

እጅሽን የናፈቀች
ልጅሽ