በበር ላይ ስለተለጠፉት ሠላሳ ስምንት ስሞች

ቀን፦ ጁላይ 9፣ 2024

ለካቫንዲኒ ንዑስ ካውንቲ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ካቫንዲኒ

ጉዳዩ፦ በካሙሉሚ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሦስት ደረጃ እንዲሰጥ የታቀደው ድጋፍ በዕቅዱ መሠረት እንዲጀመርና የሕፃናቱ ስም ዝርዝር እንዲነሣ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በካሙሉሚ ትምህርት ቤት ለሃያ አራት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ልጅም ወላጅም ‘ምዋሊሙ’፣ መምህር፣ እያለ ነው የሚጠራኝ። ባለፈው ጃንዋሪ ጽሕፈት ቤትዎ ወደ ኋላ ለቀሩ ልጆች በሦስት ደረጃ የሚሰጥ ድጋፍ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት እንዲያቅድ ሲያዝ፣ ርእሰ መምህራችን አቶ ኪሎንዞ ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። በመምህራን ስብሰባ ላይ "ቴሬዚያ ቤት የሚጠብቃት ሰው የለ፣ ጊዜ አላት" ሲሉ ሁሉም ሳቀ። ባለቤቴን ከቀበርኩ ዓመት አልሞላም ነበር። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ይህን የማነሣው ለክስ ሳይሆን ሥራውን ሳላጉረመርም እንደተቀበልኩ እንዲታወቅልኝ ነው።

2. ለማቀድ በመጀመሪያ ልጆቹ የት እንዳሉ ማወቅ ነበረብኝ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱንም ተማሪዎች አንድ በአንድ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ጥላ ሥር እያስቀመጥኩ፣ ስለ ፍየል የምታወራ የአምስት መስመር ንባብ አስነበብኳቸው። ሦስት ሳምንት ተኩል ፈጀብኝ። አንድ መቶ ዘጠናው አነበቡ። ሰማንያ አራቱ እየተደናቀፉ ጨረሱ። ሠላሳ ስምንቱ ሁለት ፊደል ማያያዝ አልቻሉም፤ ከእነዚህ ውስጥ ዘጠኙ የስድስተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ከእነዚያ ዘጠኝ መካከል ሦስተኛ ክፍል ሳሉ ያስተማርኳቸው አሉ።

3. ዕቅዱን ያወጣሁት ከወጣቱ ባልደረባዬ ከመምህር ሙቲንዳ ጋር ነው። ሁሉም ልጅ በክፍሉ በደንብ ይማራል። የሚደናቀፉት በሳምንት ሦስት ቀን በትንሽ ቡድን ይታገዛሉ። ማንበብ ያልጀመሩት ደግሞ በሦስተኛው ደረጃ፣ በየጠዋቱ አርባ ደቂቃ፣ ከስድስት ሳይበልጡ፣ ከአንድ መምህር ጋር ይቀመጣሉ። በየስድስት ሳምንቱ እየታዩ ከደረጃ ወደ ደረጃ ይዘዋወራሉ። ደረጃው የእርዳታውን መጠን እንጂ ልጁን የሚጠራ እንዳልሆነ በዕቅዱ ላይ ጽፈን አስምረንበታል። በመጀመሪያው ዓመት በሦስተኛና በአራተኛ ክፍል ብቻ እንዲሞከርም ጠይቀናል፤ ከዚያ በላይ አቅም አልነበረንም። ዕቅዱ በማርች 4 ለጽሕፈት ቤትዎ ቢደርስም መልስ አልመጣልንም።

4. መልስ ሳንጠብቅ በሁለቱ ክፍሎች ካሉት አሥራ ሁለት ልጆች ጋር ጀመርን። ከእኔ ስድስት ልጆች አንዷ ሙምቡዋ ነበረች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አራተኛ ክፍል ናት። የጻፍኩትን ሁሉ ከእኔ አሳምራ ትገለብጣለች፤ አንዲት ቃል ግን አታነብም። በሁለተኛው ሳምንት በግራ በኩል ስጠራት እንደማትዞር አስተዋልኩ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ጆሮዋ ለዓመታት ሲመግል ኖሯል። ከዚያ ወዲህ በቀኟ መቀመጥ ጀመርኩ። በዘጠነኛው ሳምንት ከክፍል ስንወጣ፣ የውኃ ታንኩ ላይ ያለውን "ቧንቧውን ዝጉ" የሚል ጽሑፍ ሳልጠይቃት ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ቧንቧውም እየፈሰሰ ነበርና ሄዳ ዘጋችው።

5. በሜይ 20 የጽሕፈት ቤትዎ ሱፐርቫይዘር ደውለው "የሦስተኛ ደረጃዎቹን ስም ቶሎ ላኪልኝ" አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ደክሞኝ ነበር። የሠላሳ ስምንቱን ስም በገዛ እጄ ጽፌ ላክሁ። ከአራት ቀን በኋላ ደብዳቤ መጣ፦ ድጋፉ በሁለት ሳምንት ውስጥ በሁሉም ክፍሎች እንዲጀመር፣ የሦስተኛ ደረጃ ልጆች ስም እንዲለጠፍ፣ እነሱም ከሚመጣው ተርም ጀምሮ አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው አዳሪ ልዩ ክፍል እንዲዛወሩ። መምህር ሙቲንዳም በዚያው ሳምንት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረ። የላክሁት ዝርዝር ራሱ ከደብዳቤው ጋር ተመልሶ በርእሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ተለጠፈ፤ የእጅ ጽሑፉ የእኔ መሆኑን የማያውቅ የለም።

6. ልጆቹ ምሳ ሰልፍ ላይ "እናንተ ሦስቶች፣ ወደ ኋላ!" መባባል ጀመሩ። በሁለተኛው ሳምንት አሥራ አንድ ልጆች ቀሩ። ከትምህርት በኋላ ቤት ለቤት ዞርኩ። የሙምቡዋን እናት ደጃፍ ላይ አተር ስትፈለፍል አገኘኋት፤ ቀና ብላ አላየችኝም። "ውኃ ወረፋ ላይ ነው የሰማሁት" አለችኝ። "አንዷ ‘ልጅሽ ሦስት ናት አሉ’ ብላ ሳቀችብኝ። ሦስት ምንድን ነው፣ ምዋሊሙ? በሽታ ነው? ስሟን የጻፉት እርስዎ አይደሉ?"

እኔ ነኝ አልኳት።

ሙምቡዋ ከውስጥ ሆና ትሰማን ኖሯል። "ምዋሊሙ፣ ማንበብ ስለጀመርኩ ነው ስሜን የለጠፋችሁት?" አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ጥያቄዋን እንዳለ ለእርስዎ አቅርቤዋለሁ።

7. በጁን 28 ድጋፉ በሁሉም ክፍሎች ሙሉ በሙሉ ተግባራዊ ሆኗል የሚል ሪፖርት እንድፈርም ቀረበልኝ። አቶ ኪሎንዞ "በቃ ፈርሚና ሁላችንም እንረፍ" አሉኝ። እኔም ማረፍ እፈልጋለሁ። ነገር ግን እውነቱ እንዲህ ነው፦ ሙቲንዳ ከሄደ በኋላ ጠዋት ጠዋት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። የራሴ ክፍል ሃምሳ ሁለት ልጆች በዚያው ሰዓት ያለ መምህር ይጮኻሉ። በሌሎቹ ክፍሎች ምንም አልተጀመረም። ስለዚህ አልፈረምኩም።

8. ከአሥራ አንዱ ልጆች ሰባቱን ለምኜ መልሻለሁ። አራቱ፣ ሙምቡዋም ጭምር፣ ቤት ናቸው።

ስለሆነም ዝርዝሩ ከበሩ ላይ እንዲነሣና የልጆቹ ዝውውር በጽሑፍ እንዲሰረዝ፣ ድጋፉ በዕቅዳችን መሠረት በሁለት ክፍሎች ብቻ እንዲቀጥል፣ መምህር ሙቲንዳ እንዲመለስ፣ ይህ ካልተቻለም በየጠዋቱ ለአርባ ደቂቃ ክፍሌን የሚይዝልኝ ሰው እንዲመደብ፣ ሪፖርቱም እንዲታረም በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ስሞቹን በመላኬ የሚገባኝ ተግሣጽ ካለ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሙምቡዋ ቤት ስወጣ እናቷ እንዲህ ብላኛለች፦ "ያስወጣት ወረቀት ነው፣ ወረቀት ይመልሳት። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ሲመጣ ራሷ ታንብብልኝ። ያኔ እልካታለሁ።" ስለዚህ ክቡርነትዎ መልሱን ሲያጽፉ ፊደሉ ጎላ፣ ዓረፍተ ነገሩም አጠር እንዲል ቢያዙልኝ። ረጃጅም ቃላት ገና ያስቸግሯታል።

በአክብሮትና በሰላምታ፣

ቴሬዚያ ንዚላኒ ሙስዮኪ
የሦስተኛ ክፍል መምህርት
(ፊርማ)