የእትዬ ቤት ከታሸገ ወዲህ

ለማከብርዎ ጎረቤቴ፣ ለእትዬ፤

በወንድምዎ ቤት ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎ? ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። የማታ ትምህርቱን አንደኛ ወጥቼ ጨርሻለሁ። አራት ብቻ ነበርን፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። የሚያነብልዎ ሰው ጽሕፈቴን እያደነቀ ቢዘገይ አይቆጡት።

እርስዎ ከሄዱ ወዲህ እናት ሁሉ ልጇን ጥላ የምትሄድበት አጣች። ልጅ አዝለው ወደምንሠራበት ሽንኩርት መልቀሚያ ቢመጡ፣ አለቃው «ይሄ መጋዘን እንጂ መዋያ አይደለም፣ ውጡልኝ!» ብሎ አባረራቸው። ስድስቱ እናቶች ሥራ ትተው ቤት ዋሉ። እኔ ብልጧ ግን፣ ልጄን ባዶ ሣጥን ውስጥ ደብቄ አስገባኋት። ለምሳ ስከፍተው ዓይኗ በሽንኩርቱ አብጧል። ላባብላት ብል እጄን ገፍታ «ይሸታል! እማዬ ጋ ውሰጂኝ» አለችኝ።

እማዬ እርስዎ ነዎት። እኔማ «አንቺ» ነኝ።

እውነቱን ልናገር? ማታ ልወስዳት ስመጣ ቀሚስዎ ላይ ተጣብቃ ስትጮህ፣ እርስዎም «ነገ ትመጫለሽ የኔ ሎሚ» እያሉ ሲስቁ አንጀቴ ይቃጠል ነበር። ሌላዋ በባሏ ትቀናለች፤ እኔ በሞግዚት!

«አሥራ አራት ልጅ በአንድ ክፍል ታጭቋል» ብሎ ያመለከተብዎን፣ ስሙን ያልጻፈውን ሰው፣ ሠፈሩ ይረግመዋል። እኔም ከሁሉ ጮክ ብዬ ረግሜያለሁ። ግን ወረቀቱን የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሰዎች ሲያሳዩን አየነው፤ አንድ ስርዝ የለውም፤ መስመሩም ቀጥ ያለ። ከማታ ትምህርቱ ሌሎቹ ሦስቱ እንደሆኑ እንደ ዶሮ ነው የሚጭሩት። አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እስክሪብቶም እንደዚያው ነው።

አሁን ጽሕፈት ቤቱ ለልጆቹ ሁለተኛ ክፍል ከተገኘ ቤትዎ ይከፈታል ብሏል። ከእርስዎ ጋር ግድግዳ የሚጋራውን የኔን ክፍል ሰጥቻለሁ፤ እኔና ልጄ ማድ ቤቱ ውስጥ ገብተናል። እናቶቹም ቤትዎ እንዲከፈት ማመልከቻውን አንቺው ጻፊልን አሉኝ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያየ ሰው ምን እንደሚል አላጣሁትም። ጻፍኩት፤ በዚህኛው ላይ ስሜ አለ። ሰኞ ራሴ እወስደዋለሁ።

ይመለሱልን። ብቻ ሲመጡ እኔ ሥራ ላይ ስሆን ይሁን። ልጄ ወደ እርስዎ ስትሮጥ ቆሞ ማየቱን ገና አልቻልኩበትም።

ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ መንገዱን ያቅናልዎ።

የልጅዎ እናት