ማኅተማችንን ከነቢሮው ላሸጉልን ለክቡር የምርመራ ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የንግድና የሰነድ ወንጀሎች ምርመራ ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም ለዓይንዎ ብርታት እመኛለሁ። እኔ የክፍልዎን ደረጃ ስወጣና ስወርድ ከዛለው ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤዬ በትልልቅ ፊደላት ተተይቦ ወረቀት በማባከኑ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

በነጋዴዎች ጠብና ከጠቡ በሚወለዱ የወንጀል ምርመራዎች ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁ ጠበቃ ነኝ። በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት በመዝገብ ቤትዎ በኩል የላክኋቸው ስድስት ደብዳቤዎች የገቡበት ስለጠፋኝ፣ ምናልባት አንድ ጋዜጣ አንባቢ ወዳጅዎ ጮክ ብሎ ያነብልዎት ይሆናል በሚል ተስፋ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ሁለት ሸሪኮች የውኃ ፓምፕ የሚያስመጣ ድርጅት ነበራቸው። ዓይንና ናጫ ሲሆኑ ታላቁ ሸሪክ ስድሳ ፓምፖች መጋዘን ሳይደርሱ ደርሰዋል ተብሎ የሐሰት ሰነድ ተሠርቷል ሲሉ ለክፍልዎ አመለከቱ፤ ተጠርጣሪ ሆና የተያዘችውም የግዥ ኃላፊዋ፣ ደንበኛዬ ናት። ፓምፖቹን ቆጥረው የተረከቡት ግን ራሳቸው አመልካቹ ናቸው፤ የገዛ ፊርማቸው ያለበት የመረከቢያ ሰነድ በጠረጴዛዋ ሦስተኛ መሳቢያ፣ በሰማያዊ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ደንበኛዬ እዚያው ቢሮዋ ቃሏን ስትሰጥ መሳቢያውን በጣቷ ጠቁማ አሳይታለች። እርስዎም ሥራው ቢከብድም በአካል ተገኝተው ነበርና፣ መሳቢያው እንዲከፈት ከማዘዝ ይልቅ ለሰነዱ ደህንነት በመጨነቅ ቢሮውን ከነመሳቢያው አሳሸጉት። ለዚህ ጥንቃቄዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅሬታዎቼን ግን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. ሰነዱ እንዲወጣልን ማመልከቻ ይዤ ስቀርብ፣ ጸሐፊዎ የድርጅቱ ማኅተም የሌለበት ማመልከቻ እንደማይቀበሉ በትሕትና ነገሩኝ። ማኅተሙ የታሸገው ቢሮ ውስጥ መሆኑን ባስረዳቸው፣ እንግዲያው ማኅተሙ እንዲወጣ ሌላ ማመልከቻ እንዳስገባ፣ እሱም ማኅተም እንዲያርፍበት መከሩኝ። ታናሹ ሸሪክ አዲስ ማኅተም ለማስቀረጽ ሲሄዱ ደግሞ አሮጌው ስለመጥፋቱ ማስረጃ ከእናንተ እንዲያመጡ ተጠየቁ፤ እናንተም አልጠፋም፣ ያለበትን እናውቃለን አላችሁ። እውነታችሁን ነው፣ ሁላችንም እናውቃለን። በሥራ ዘመኔ ብዙ የተቆለፈ በር አይቻለሁ፤ ቁልፉን ውስጥ አስቀምጦ ከውጭ ሰውን የሚወቅስ ግን የእርስዎ የመጀመሪያው ነው።

፪. መርማሪዎ በየዐሥራ አራት ቀኑ ችሎት ቀርበው፣ ሰነድ እየሰበሰብን ስለሆነ ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠን ይላሉ። አራት ጊዜ ተፈቅዶላቸዋል። ሰነዱ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት መንገድ ተሻግሮ፣ በሁለተኛው ፎቅ፣ በራሳችሁ ፊርማ በታሸገ በር ጀርባ ነው። መንገዱን ለመሻገር ሃምሳ ስድስት ቀን የፈጀው፣ የመኪናው ብዛት አስፈርቷችሁ መሆን አለበት።

፫. ይህችን ቅሬታ ለክብርዎ ስል ለጊዜው ዘልያታለሁ።

፬. ከስድስቱ ደብዳቤዎቼ ለአንዱ መልስ ስላገኘሁ እጅግ ተደስቻለሁ። በእርስዎ ፊርማ የመጣው መልስ፣ የጠየቅሁት የመኪና ማቆሚያ ቦታ የተፈቀደልኝ መሆኑን ያበስራል። መኪና የለኝም፤ የጠየቅሁትም የታሰረ ሰው እንዲፈታልኝ ነበር። ቦታውን የጠየቁት ባለመኪና ደግሞ የእኔን መልስ ይዘው፣ በየትኛው ወንጀል ተጠርጥሬ ነው ብለው እንቅልፍ አጥተው እንዳይሆን እሰጋለሁ። የሚፈርሙትን ወረቀት ለምን እንደማያነቡት ለብዙ ጊዜ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ አሁን ግን ገብቶኛል።

፭. የደንበኛዬ እናት በእያንዳንዱ ቀጠሮ ዋዜማ የልጃቸውን አረንጓዴ ቀሚስ ይተኩሳሉ። ከችሎት በቀጥታ ወደ ቤት ትመለሳለች ብለው ስለሚያምኑ፣ ልብሷ ተጨማድዶ ጎረቤት እንዳያያት ነው። ቀሚሱን በክንዳቸው ላይ ዘርግተው፣ ሰው እንዳይነካባቸው እየተጠነቀቁ ይመጣሉ፤ ቀጠሮ ሲሰጥ ደግሞ እንደዚያው ዘርግተው ይመለሳሉ። ባለፈው ጊዜ፣ ጠበቃው ልጄ፣ ብረቱ አቃጠለብኝ መሰል፣ እስቲ እየው ብለው ጫፉን አሳዩኝ። አላቃጠለውም፤ ከመተኮስ ብዛት ሳስቶ ነው። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱ አልመጣልኝም፤ ተናድጃለሁ፣ አፍሬያለሁም። ለሃያ ሁለት ዓመት ሕጉ ይሠራል እያልኩ ለሰው ስነግር ኖሬ፣ ለእኒያ እናት ግን የነገርኳቸው አይዞዎት ብቻ ነው።

የምለምነው ጥቂት ነው። ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ለአምስተኛ ጊዜ እንቀርባለን። ከዚያ በፊት አንድ ሰው ልከው በሩን ያስከፍቱልን፣ መሳቢያውም ይከፈት። ፊርማው የአመልካቹ ካልሆነ የጥብቅና ፈቃዴን በገዛ እጄ አስረክባለሁ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ በተለይም በሌላ ሰው እስር ላይ ስለሚያሳዩት የማያልቅ ትዕግሥት በማመስገን፣ በተፈቀደልኝ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ በእግሬ ቆሜ፣ ባርኔጣዬን አንሥቼ እጅ እነሣለሁ።

ጉልበቱ የዛለው ጠበቃ

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦ የዘለልኳትን ሦስተኛ ቅሬታ ብተዋት ሕሊናዬ እንቅልፍ ስለሚነሣኝ እነሆ። የታሸገው ቢሮ በኮሪደሩ በኩል ያለው ግድግዳ መስታወት ነው። መስታወቱን በየሳምንቱ የሚወለውሉት የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ባለፈው ሰኞ ጠርተው አንድ ነገር አሳዩኝ። በደንበኛዬ ጠረጴዛ ላይ የመሥሪያ ቤትዎ ዓርማ ያለበት ወፍራም የምርመራ መዝገብ ተቀምጧል፤ በላዩም የደንበኛዬ ስም በቀይ ተጽፏል። ያን ዕለት ቃሏን ጽፋችሁ ስትጨርሱ፣ መዝገባችሁን እዚያው ረስታችሁ በሩን ከውጭ አሽጋችሁታል። ማሸጊያው ሲነሣ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰፍር የራሳችሁ ደንብ ያዛልና፣ ረሳነው ብሎ ከመጻፍ አንዲት ሴት ሃምሳ ስድስት ቀን ብትታሰር ቀሎ ታይቷችኋል። በመስታወቱ በኩል ያነሣሁትን ፎቶግራፍ ዛሬ ጠዋት ለዳኛዋ አስገብቻለሁ። እናትየዋም ቀሚሱን ተኩሰዋል፤ እንደ ወትሮው ይዘውት እንደማይመለሱ ነግሬያቸዋለሁ። በፎቶግራፉ ላይ፣ ከመዝገቡ አናት፣ ባለ ወርቃማ ፍሬም የማንበቢያ መነጽር በጉልህ ይታያል። ይህን ደብዳቤ በትልልቅ ፊደላት ያስተየብኩልዎት ስለዚሁ ነው።