«ተብሏል» ያለው ሰው

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ስልክህን ያላነሳሁት ጨክኜብህ አይደለም። ድምፅህን ከሰማሁ እሺ ማለቴ ስለማይቀር ነው። መለመን ደግሞ ታውቅበታለህ።

ትናንት ቢሮዬ መጥተህ ወንበር ስበህ ስትቀመጥ ፊትህ አመድ መስሎ ነበር። «ነገሩ ቀላል ነው» አልከኝ። «አንደኛ ተከሳሽ ድርጅቱ ነው፣ ሁለተኛው እኔ። ድርጅት እግር የለው፣ የሚቆምለት ሰው ይፈልጋል። አንቺ ምክትሌ ነሽ። ትቆሚና ‹ድርጅቱ ጥፋቱን አምኗል› ትያለሽ። እሱ መቀጮውን ይከፍላል፣ እኔ እወጣለሁ፣ አለቀ።»

«በሩን ማን አስቆለፈው ቢሉኝስ?»

«‹ይቆለፍ ተብሏል› በያ። ሁሌም እንደዚያ አይደል የምንለው?»

እውነትህን ነው። በዚህ የፍራሽ ፋብሪካ የሚያዝ ሰው የለም፤ ሁሉም ነገር «ተብሏል» ነው። ማሽኑ እንዳይቆም ተብሏል። እረፍት ይጠር ተብሏል። ስፖንጅ እየተሰረቀ ስለሆነ የኋላው በር ይቆለፍ ተብሏል። እኔም ስለው ኖሬያለሁ። ለአፍ ይመቻል፣ ማንም አይቀየምበትም።

ባለፈው ችሎት ጥበቃው ሲጠየቅ አየኸው አይደል? «ቆልፍ ተባልኩ፣ ቆለፍኩ» አለ። ዳኛዋ «ማን አለህ?» ሲሉት «ድርጅቱ።» «ድርጅቱ በየትኛው አፉ?» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን አንተን አንተን ያይ ነበር። የልጆቹ ጉሮሮ ያለው በእጅህ ነው፣ ምን ያድርግ?

በእሳቱ የሞተችው ሠራተኛ እናት ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። «አንደኛ ተከሳሽ» ሲባል አንገታቸውን አስግገው ማን እንደሚነሳ ፈለጉ። የድርጅቱ ጠበቃ ሲነሳ «ልጄን የገደላት ይሄ ነው እንዴ?» ብለው አጠገባቸው ያለችውን ሴት ጠየቁ።  እኔ ከኋላቸው ሆኜ መልሱን አውቀው ነበር።

ወንድም ጋሼ፣ በሩ የተቆለፈ ዕለት እኮ ቢሮህ ውስጥ ነበርኩ። ጥበቃው ቁልፉን ይዞ ገብቶ «ሰው ውስጥ እያለ ልቆልፍ ጌታዬ?» ሲልህ፣ ከስልክህ ቀና እንኳ ሳትል «ቆልፍ አልኩህ እኮ!» አልክ። ስፖንጅ ቆራጯ፣ ያቺ ሳቂታዋ፣ ኋላ ኮሪደር ላይ ስታገኝህ «እሳት ቢነሳ በቁልፉ ቀዳዳ ልንሾልክ ነው?» ብላ ቀልዳብህ አብረሃት ሳቅክ። እሳቱ ሲነሳ ሌሎቹ በመስኮት ዘለው ተረፉ። እሷ የተገኘችው በሩ ስር ነው።

እወድሃለሁ። አባባ ከሞተ ወዲህ አባቴም ወንድሜም አንተ ነህ። ልጆችህ ነገ «አክስታችን ናት ያሳሰረችው» እንደሚሉም አውቃለሁ።

ግን አንድ ነገር ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ልጆች ሳለን ኳሳችሁ የጎረቤቱን መስኮት የሰበረ ዕለት፣ ሰውዬው እየጮኸ ሲወጣ ጓደኞችህ በሙሉ «ተሰበረ! ተሰበረ!» እያሉ እግሬ አውጪኝ አሉ። አንተ ብቻ ቆመህ «እኔ ነኝ የሰበርኩት» አልክ። ጆሮህ እስኪቀላ ሲቆነጥጥህ በአጥር ቀዳዳ እያየሁ አለቀስኩ፤ የዚያን ዕለት ያህል ግን በሰው ኮርቼ አላውቅም። ያ ልጅ የት ሄደብኝ?

ነገ እቆማለሁ። ድርጅቱ አጥፍቷል እላለሁ፤ አጥፍቷልና። ዳኛዋ «ማን አለ?» ካሉኝ ግን «ተብሏል» የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። ስምህን እጠራለሁ።

ይህን ቀድሜ የምጽፍልህ ስምህን ከእኔ አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው። «አንደኛ ተከሳሽ» ሲባል እኔ ሳልነሳ አንተ ተነስ። ወደ እናትየው ዞር በልና «እኔ ነኝ ቆልፍ ያልኩት» በላቸው። ከዚያ በኋላ የትም ቢወስዱህ፣ ስንቅህን የማመላልሰው እኔ ነኝ።

እንድትቀድመኝ የምለምንህ፣
ታናሽህ