ሁለት ሁለት ቀን ወደ ኋላ

አንኮበር፣ የካቲት 8 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ አሥመራ ለምትማረው ልጄ ለደመቀች ወልደ ሰንበት።

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እኔ ደኅና ነኝ። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ሌላውን ስታነቢ እንዳትረሽው ብዬ ነው። አሁን ሰላም እልሻለሁ፣ ዓይንሽን እስማለሁ። የላክሁልሽ ጋቢ ደረሰሽ ወይ? አባትሽ ደኅና ነው፤ ጥርሱን ያመዋል እንጂ ሲቀድስ ድምፁ እንዳለ ነው። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ገብሱ ዘንድሮ ጥሩ ነው፣ ባቄላውን ግን ውርጭ መታው።

ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ። አባቴ ዳዊት መድገም እንጂ መጻፍ አላስተማረኝም፤ ፊደል መጣል የለመድኩት ከአንቺና ከእኅትሽ ደብተር ነው። ስለዚህ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ በአንድ ቀንም አይጨረስም።

በዚህ ወር ከቤት ብዙ ስለማልወጣ ደብዳቤዎችሽን ከሙዳዩ እያወጣሁ ደጋግሜ አነበብኩ። በኅዳሩ ላይ፣ የመድኃኔዓለም ዕለት ሆዴን ትንሽ አሞኝ ክፍል አልገባሁም ብለሻል። ያኔ ምግቡ ነው ብዬ አለፍኩት። በታኅሣሡ፣ በመርቆሬዎስ ወገቤን ይዞኝ ሦስት ቀን ተኛሁ ብለሻል። በጥር በጻፍሽው ደግሞ፣ ጊዮርጊስን ልስም አስቤ ቀረሁ፣ ያው የለመደኝ ነገር ነው ብለሻል። ሦስቱን ጎን ለጎን ምንጣፉ ላይ ዘረጋኋቸው። ሃያ ሰባት፣ ሃያ አምስት፣ ሃያ ሦስት። ደመቀች፣ ይህን አቆጣጠር እኔ አውቀዋለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ሃያ አንድ ማርያም ነው። የዚህ ወር ማርያም።

እኅትሽ ወለተሐና በወባ ሞተች ብዬ ነግሬሻለሁ። ውሸት ነው። ያን ጊዜ አንቺ ደብረ ብርሃን አክስትሽ ዘንድ ትማሪ ነበርና ያየሽው ነገር የለም። አሁን እውነቱን ልጽፍልሽ ነው፤ ስታነቢው ተቀመጪ።

ሕመሙ የጀመራት በጥቅምት ጊዮርጊስ ነው። ከእንብርቷ በታች ይዟት እንደ ቀስት ጎበጠች። አባትሽ፣ ለጊዮርጊስ ተስለን ያላገባነው ነገር ይኖራል አለና ጃንጥላ አስገባን። በስድስት በሰባት ቀን ለቀቃት። በኅዳር ግን በጽዮን ማርያም ዕለት ያዛት። በታኅሣሥ በገብርኤል፣ በጥር በእስጢፋኖስ፣ በየካቲት በቂርቆስ። አንዱን ስናስታርቅ ሌላው የተቆጣ መሰለን። አባትሽ፣ የትኛውን እንደበደልን እንድናውቅ ቀኑን እየያዝሽ ጻፊ አለኝና በወረቀት ላይ ጻፍኩት። እየዞርን ተሳልን። አንኮበር ላይ ያልተማጠንነው ታቦት አልቀረም።

እናቷ ሆነሽ እንዴት አላወቅሽም ትይኝ ይሆናል። ሕመሙ ደሟ ከመምጣቱ በፊት አራት ቀን ይቀድም ነበርና አላያያዝነውም። እሷም የአበባዋን ቀን ከእኔ ትደብቅ ነበር። የቄስ ልጅ ነበረችና ያ ነገር በቤታችን አይነሣም።

በመጋቢት አንድ የውጭ አገር ሐኪም ደብረ ብርሃን መጥቶ፣ ሕመም ለዓመት የማይለቃቸውን ሴቶች እየጠራ ይጠይቃል ይጽፋል ተባለ። የሚያክም ብቻ ሳይሆን የሚያጠና ነው አሉ። ለአባትሽ አክስትሽን ልንጠይቅ ነው ብዬ ወለተሐናን ይዣት ወረድኩ፤ እናንተ ዘንድ ግን አልገባንም። የሚያስተረጉምለት ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት ማለት ነው፣ ገብረአማኑኤል የሚባል ለጋ ሰው ነበር። ከመቼ ጀምሮ ነው ቢለኝ፣ ያቺን ወረቀት ከመቀነቴ ፈትቼ ሰጠሁት።

ሐኪሙ ቀኖቹን በገብረአማኑኤል አፍ እየሰማ ወደ ራሱ መዝገብ ገለበጣቸው። ከዚያ በጣቱ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። የስንቱን ሴት ቀን ስሰበስብ እንዲህ ጽፎ ያመጣልኝ ሰው አላገኘሁም፣ ማን ነው የጻፈው ብሎ አስጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ልጄ፣ ኃጢአቴን ልንገርሽ፤ እኅትሽ አጠገቤ ተጣጥፋ ተቀምጣ እኔ በጽሕፈቴ ኮራሁ።

ገብረአማኑኤልም፣ "እሜቴ፣ ቅዱሳኑ አልተቆጡም" አለኝ። "ሕመሙ በየሃያ ስምንት ቀኑ ነው የሚመጣው። ወራችን ሠላሳ ስለሆነ ሁለት ሁለት ቀን ወደ ኋላ ይሄዳል። የማኅፀን ነገር ነው።"

አንዲት ነርስ ወደ ጓዳ አስገብታ አየቻት። ከማኅፀኗ ጎን የዶሮ እንቁላል የሚያህል ዕጢ አለ፣ አዲስ አበባ ሄዳ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት፣ ሐሙስ መኪና ይሄዳል፣ ለእሷም ቦታ አለ አሉ። ብትቆይስ ብዬ ጠየቅኩ። ሊፈነዳ ይችላል አሉ። ከዚያ ሌላ ጥያቄ ጠየቅኩ፤ ከተቀደደች ትወልዳለች ወይ? ገብረአማኑኤል ጠየቀው። ሐኪሙ አላውቅም አለ።

ሠርጓ ለግንቦት ተቆርጦ ነበር፤ ለመዘዞው ለወልደአረጋይ ልጅ። አላውቅም የተባለላትን ልጅ ማን ያገባታል ብዬ አሰብኩ። "ከሠርጉ በኋላ አመጣታለሁ" አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። አባትሽ አይደለም። አባትሽ ሐኪም እንዳየናት እንኳ አላወቀም።

ሐሙስ በዚያ መኪና፣ በእኅትሽ ቦታ፣ ነሲባ ተቀመጠች። የአሊዩ አምባዋን ነሲባን ታውቂያታለሽ፣ ጨውና በርበሬ እያመጣች ጎረቤላ ገበያ የምትሸጠዋን። እሷም ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ጎኗ አዘንብላ ነበር የምትሄደው። በሁለት ወሯ ቀጥ ብላ ተመለሰች። ቀዶ ጥገናው ካለፈ በኋላ መራመድ እንደ አዲስ አስለምደዋታል። "አርባ ዓመት ያንን ዳገት ስወጣ ኖሬ፣ አዲስ አበባ ወስደው ሦስት እርከን መውጣት አስተማሩኝ፤ ወላሂ እንደ ሕፃን እያጨበጨቡልኝ" ትላለች። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፣ ግን ባየኋት ቁጥር ያ ቦታ ይታየኛል።

ወደ አንኮበር ስንመለስ እኅትሽ መንገድ ላይ ቆመችና፣ "እማዬ፣ በገብርኤል ጊዜ ጠበል ስታስገቢኝ ደም ላይ ነበርኩ" አለችኝ። "አፍሬ ሳልነግርሽ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ ሲብስብኝ እሱ ነው የቀጣኝ እያልኩ ነበር። እንግዲያው ቅጣት አይደለም?"

አይደለም ልጄ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ይህን ለማንም እንዳትናገሪ አልኳት።

በግንቦት ተዳረች። በሰኔ ሥላሴ እንደያዛት ከመዘዞ ሰማሁ። የሚቀጥለውን ቆጠርኩት፤ ሐምሌ አምስት፣ አቦ። በዚያ ቀን አጠገቧ ልሁን ብዬ ሐምሌ ሦስት ተነሣሁ። ዝናብ ነበር፣ ወንዙ ሞልቶ ሁለት ቀን አገደኝ። ሐምሌ ስድስት፣ መዘዞ ልገባ ስል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሁለት ሰዎች ከፊቴ መጡ። ሊያረዱኝ ወደ አንኮበር የሚሄዱ ነበሩ። እኔ መሆኔን ሲያውቁ አንደኛው በቅሎውን ወደ ዳር አወጣና ፊቱን አዞረ። አልጠየቅኳቸውም። ቀኑን አውቀዋለሁና።

የካቲት 12

አራት ቀን አቋርጬ ነበር። ቀለም አልቆብኝ ነው። ጾሙ ገባ። አባትሽ ዘንድሮ እንዳልጾም ገዝቶኛል፤ የቀይዋን ላም ወተት ጠጪ ይለኛል። የሽማግሌ ነገር ነው።

ነሲባ ሰሞኑን እኛ ዘንድ ነው የምታድረው። ቤቱን ትጠርግልኛለች፣ ልብሴን ታጥብልኛለች። ገብረአማኑኤልም ባለፈው ሳምንት በበቅሎ መጥቶ ነበር። አሁን ጎልምሷል። እጁን እየታጠበ፣ "ምነው እሜቴ፣ ይህን ያህል ይዘገያል?" አለኝ። ስለ እኅትሽ ማለቱ ነው።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። የአረርቲው ወርቅአገኘሁ ለልጁ ጠይቆሽ አባትሽ እሺ ብሏል። ቀኑ ሚያዝያ ሃያ ነው። እኔ ቆጠርኩት። መጋቢት አሥራ ዘጠኝ ያምሻል፣ ሚያዝያ አሥራ ሰባት ያምሻል፣ በሦስተኛው ቀን ሙሽራ ነሽ።

ትናንት ለአባትሽ ሁሉንም ነገርኩት። ሐኪሙን፣ መኪናውን፣ ያልኩትን። ሊበላ ተቀምጦ ነበር። እጁን ከመሶቡ መለሰና፣ "ይህን አራት ዓመት ይዘሽ ነው ከእኔ ጋር ገበታ የቀረብሽው?" አለኝ። ተነሥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እንግዲያው ትምጣ አለ። ያችኛዋ ሳላያት ሞተች፣ ይህችን ዓይኔ እያየ ትታመም አለ። ሠርጉስ ብዬ ብጠይቀው፣ የሰጠሁትን ቃል ምን ላድርገው አለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ከሠርጉ በኋላ እናሳክማታለን" አለ።

ደመቀች፣ ያን ቃል ከእሱ አፍ ስሰማው በዚያ በሐኪሙ ክፍል የቆምኩ መሰለኝ።

ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ወርዶ ቴሌግራም ይመታልሻል። እናትሽ ታማለች፣ ቶሎ ነይ የሚል ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልሰጠሁትም። ነሲባ ሐሙስ ይዛው ትወርዳለች። ወንድሟ አሊ ዓርብ የጭነት መኪናውን ይዞ ወደ አሥመራ ያልፋል፣ እሱ በእጅሽ ይሰጥሻል። ቴሌግራሙ ቀድሞ ይደርስሽ ይሆናል። አሊ ግን ከአውቶቡስ አፍ ላይ ቢሆንም ያገኝሻል። ብታለቅሺም መኪናው ላይ እንዳያወጣሽ ነሲባ በአላህ አስምላዋለች።

አባትሽ በዕድሜው ዋሽቶ አያውቅም። ታምኚዋለሽ፣ ይህን አውቃለሁ። ይህችን አንዲት ጊዜ ግን አትመኚው። እኔ ደኅና ነኝ። ሁለተኛ ቴሌግራም ቢመጣም፣ ከዚህ የባሰ ቃል ቢኖረውም፣ ሰው ራሱ መጥቶ ቢነግርሽም አትነሺ። የምታለቅሺው ነገር ቢኖር እዚያው አልቅሺ። ከሐኪም ሳትታዪ እንዳትመጪ በጡቴ ለምኜሻለሁ።

በዚህ ውስጥ ያቺን ወረቀት አጥፌ ልኬልሻለሁ። ከእኅትሽ ቀኖች ሥር ያንቺን ሦስቱን ጽፌበታለሁ። አራተኛውን አንቺ ጻፊው። አምስተኛውን ግን ሐኪም ሳያይሽ እንዳትጽፊ። እዚያ የምትማሪበት ሆስፒታል የሴት ሐኪም አይጠፋም። የሌላውን ሴት ቁስል ልታጥቢ ተምረሽ የራስሽን አትደብቂ። ደም ላይ ብትሆኚም ንገሪያቸው። ምንም ይሁን ምን ንገሪያቸው። ቅጣት አይደለም፣ ልጄ። ለእኅትሽ ያላልኩትን ለአንቺ እላለሁ፤ ቅጣት አይደለም።

ከቀደዱሽ በኋላ መራመድ ሲከብድሽ ነሲባን አስቢያት። መጀመሪያ ሦስት እርከን ብቻ ነው ትልሻለች፣ ከዚያ ዳገቱ ራሱ ይለምድሻል ትላለች።

ብትወልጂም ባትወልጂም አንቺ ልጄ ነሽ። ወርቅአገኘሁም ቢቀየም፣ አባትሽም ቢያኮርፍ ያልፋል። አባትሽን በኋላ አትቆጪው፤ ብቻውን ይሆናልና ደብዳቤ ቶሎ ቶሎ ጻፊለት።

ነሲባ በቃሽ ነገ ትጨርሺዋለሽ እያለች ብዕሩን ልትቀበለኝ እጇን ዘርግታለች። ዛሬ ልጨርሰው አልኳት።

እኔን የሠራኝ አምላክ አንቺን ከእኔ ስህተት ይጠብቅሽ። የእኅትሽን ዕድሜ ጨምሮ ይስጥሽ። የሚያዩሽ ሐኪሞች እጅ ይቅና። በሃያ አንድ ማርያም ብቻሽን አትሁኚ፣ አንዲት ጓደኛ አጠገብሽ ትቀመጥ።

መልስሽን በእኔ ስም አትጻፊው። በነሲባ ስም አድርገሽ ለአሊ ስጪው። እሷ የትም ብሆን መጥታ ታስነብብልኛለች፤ ማንበብ ባትችልም ልጇን ሰሊሃን ይዛ ትመጣለች። ዳነች የሚለውን ቃል ብቻ ልጅቷ ጮክ ብላ እንድታነብልኝ ነግሬያታለሁ።

ደኅና ያለችው እናትሽ
አልታየች