በኮባ ቅጠል የቀረበላት ንፍሮ

ለደምስዬ፤

ይኸው ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ተዝካርህን አውጥቼ፣ ሙት ዓመትህን አስቤ፣ ጥቁሬንም አውልቄያለሁ። ይቺን ወረቀት መጻፍ ግን አቃተኝ። ሰነፍ ነሽ እንዳትለኝ፣ የምነግርህ ነገር አሳፍሮኝ ነው። ያቺ የካምፕህ ልጅ ብዙነሽ ትምህርቷን አቆመች፤ ያቆመችውም በእኔ ምክንያት ነው።

እንደ ወጉ መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሰፈራችን ጊንጆ ያው ጊንጆ ናት። በራችን ፊት ለፊት የባጃጅ ጋራዥ ተከፍቶ ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጡ ይውላሉ። የተከልከው አቮካዶ አፍርቶ ከሰፈሩ ልጆች ጋር አጣልቶኛል። ጣሪያው እዚያው የምታውቀው ቦታ ላይ ያፈሳል፤ «ቅዳሜ እሠራዋለሁ» ያልከኝ ቅዳሜ ሳይመጣ ቀረ።

ለማንጆ ልጆች የከፈትከው የክረምት ካምፕህ የለም። ካንተ በኋላ የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ ሸቤ ድረስ ሄጄ የትምህርት ቤቱን ክፍሎች ቁልፍ ብጠይቅ፣ «እናጠናዋለን» አሉኝ። ያንተን አገር ታውቀው የለ፣ አንድ ነገር ይጠናል ከተባለ ቀብሩ አልፏል ማለት ነው። ከዚህ ከጅማ ትወስዳቸው የነበሩት የዩኒቨርሲቲ ልጆችም ተመርቀው በየፊናቸው ተበተኑ። የቆርቆሮ ኩባያዎቹን ብቻ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ላኩልኝ። ከአልጋው ሥር አሉ።

ስትጀምረው እብድ ነው ያልኩህ እኔው ነኝ። የማንጆ ልጆች ከየጫካው መንደር ሁለት ሰዓት ተጉዘው እየመጡ ከምታስተምርበት ክፍል የኋላ አግዳሚ ላይ ለብቻቸው ይቀመጣሉ፣ አጠገባቸው የሚቀመጥ የለም ብለህ ስትብሰለሰል፣ «ኧረ ማሎ ደምስዬ፣ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነገር አንተ ልታስቀረው ነው?» አልኩህ። ከሰላቸውንና ማራቸውን እንገዛለን፤ ደጃፋችንን ግን አናስረግጣቸውም፣ እኛ በጠጣንበትም አናጠጣቸውም። እንዲህ ሆኜ ነው ያደግሁት። አንተ ሰምተኸኝ ታውቃለህ? በክረምት ሦስት ሳምንት ሰበሰብካቸው። ለእያንዳንዳቸው አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰጠሃቸውና «ታላቅህ ነው፣ ታላቅሽ ናት» አልካቸው። ጠዋት ሒሳብ፣ ከሰዓት ኳስ። ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ታላቆቹ ደብተር እያዩ፣ ደብዳቤ እየጻፉ ይከታተሏቸዋል።

ሕግህ አንዲት ነበረች፤ ኩባያ ባለቤት የለውም። ሁሉም በአንድ ሳፋ ይታጠባል፣ እጅህ በገባው ትጠጣለህ። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ታላቆች በጥም ደርቀው እስከ ምሳ ሲግደረደሩ ትዝ ይልሃል? እኔስ ብሆን! ወጥ ልሠራላችሁ ስመጣ የራሴን ኩባያ በቦርሳዬ ይዤ ነበር። ሆዴን ያመኛል ብዬ ዋሸሁህ። አንተ ግን ኩባያዬን ከእጄ ወስደህ ተጎነጨህበት፣ አጠገብህ ለነበረችው ማንጆ ልጅ ለብዙነሽ ሰጠሃት፣ እሷም ጠጣችና መለሰችልኝ። ዓይን ዓይንህን እያየሁ ጨረስኩት። ሻዩ እንደ ሬት መረረኝ። በሦስተኛው ክረምት ግን ሳላውቀው የብዙነሽን ትራፊ ጠጥቼ ተገኘሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ያን ቀን አልነገርኩህም፤ እንዳትኮራብኝ ብዬ ነው።

«ብዙነሽ ራሷ ታላቅ ሆና የተመለሰች ቀን ሥራዬን ጨረስኩ» ትል ነበር። አሥረኛ ክፍል ደርሳ፣ ፈተናው አንድ ወር ሲቀረው አንተ አረፍክ።

በሠልስትህ ከሸቤ መጣች። ማር በቅል ይዛ፣ «ጋሼ! ጋሼ!» እያለች ድንኳኑ ውስጥ ገባችና ከሴቶቹ መሀል ተቀመጠች። ሸቤ የሚያስተምር ባልደረባህ ማን እንደሆነች ለአንዷ ሹክ አለ፤ ክፉ አስቦም አልነበረም። ወዲያው ወሬው ድንኳኑን ዞረ። የእድራችን ሴቶች ንፍሮውን ለሰው ሁሉ በሳህን አዳረሱ። እሷ ጋ ሲደርሱ አንዷ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ካንተው ጓሮ፣ ካንተው ኮባ ቅጠል ቆርጣ መጣች። ንፍሮውን በቅጠል ላይ አድርገው ሰጧት።

አየሁ፣ ደምስዬ። አላየሁም ብዬ አልዋሽህም። ብዙነሽ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። «ሳህን ስጧት» ማለት ነበር፤ ሁለት ቃል። ግን ነገ የሚቀብሩኝ እነዚህ ናቸው አልኩ በልቤ። ልጅ የለኝ፣ አንተ የለህ፣ እድሬ ከራቀኝ ማን ያነሳኛል አልኩ። ነጠላዬን ዓይኔ ላይ ሳብኩ። ሴቶቹ ላንተ ያለቀስኩ መስሏቸው «አይዞሽ፣ አይዞሽ» አሉኝ። ነጠላዬን ስገልጥ ቅጠሉ መሬት ላይ ነበር፣ አንዲት ፍሬ እንኳ አልጎደለም። እሷ ሄዳለች።

ፈተናውን አልተፈተነችም። ይሻላት ይሆናል፣ ትመለስ ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳታልል ዓመት አለፈ፣ ሁለት ዓመት አለፈ። ባለፈው ወር ጨከንኩና ሸቤ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በእግሬ ሄድኩ። ከሰል ስታከስል አገኘኋት። ትወቅሰኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እግሬን ልታጥብ ተነሳች። እናቷ በጨርቅ የተጠቀለለ አዲስ ብርጭቆ ከሣጥን አውጥታ ውሃ ሰጠችኝ። «አይጠየፉ፣ ማናችንም አልጠጣንበትም» አለችኝ። ለእንደኔ ዓይነት እንግዳ የተቀመጠ ብርጭቆ ነው። እናንተ የምትጠጡበትን ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። እናትዬው ደነገጠች። ብዙነሽ ግን ድምጿን ሳታነሳ፣ «እትዬ፣ እዚህ እኮ ማንም አያይዎትም» አለችኝ።

ትምህርት ቤት ተመለሺ፣ እኔ ታላቅሽ እሆናለሁ አልኳት። የጋሼ ነገር ከካምፑ አጥር ውጭ አይሠራም አለችኝና ከሰሏን ልታይ ወጣች። ውሃውን በዚያው በአዲሱ ብርጭቆ ጠጥቼ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ለቅሶ ደርሻለሁ። ከረጢቱን ከአልጋው ሥር ጎትቼ፣ የማንጆ ልጆች የጠጡባቸውን ኩባያዎች ለእድሩ ሴቶች ላዳርስ ወደ ለቅሶው ድንኳን ልወስድ ተነስቼ፣ መልሼ አስገባሁት። ሁለቱንም ጊዜ። እንግዲህ እኔ ይቺው ነኝ።

እንደማልረሳህ ቃል እገባልሃለሁ፤ አንተን መርሳት አልችልም። ሰው አንተን በደግነትህ ያስታውስሃል፣ እኔ ግን ስምህ ሲነሳ የሚታየኝ ያ ቅጠል ነው። የእድሩ ሴቶች ዛሬም «ጋሽ ደምሴ፣ ያ ደግ ሰው!» ይላሉ። እኔም ነጠላዬን ዓይኔ ላይ እስባለሁ። እነሱም «አይዞሽ» ይሉኛል።

ያንተው አበበች